ኮሚሽን አወዳዳሪው ጋሼ ምንዳዬ

ዋጋ ሲያወዳድር ኖሮ ምንም ሳይገዛ የሚያረጅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። እዚሁ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ቴምፕል ሰፈር፣ ብቻቸውን የሚኖሩት ጎረቤቴ ጋሼ ምንዳዬ ናቸው። በኦንላይን አክሲዮን ለመግዛት ካሰቡ ስድስት ዓመት አለፋቸው። አካውንት ያልከፈቱበት አክሲዮን አሻሻጭ ድርጅት የለም። አንዱ ለአንድ ግዢ አሥር ዶላር ኮሚሽን ይወስዳል፣ ሌላው አምስት። "ነፃ ነው" የሚለውን ደግሞ ከሁሉም አብልጠው ይጠረጥሩታል። ታዲያ በስድስት ዓመት አንዲት አክሲዮን አልገዙም።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ኦፍ በነበርኩበት ቀን ቤታቸው ቁጭ ብለን ሳለ፣ ወደ አንዱ ድርጅት ደወሉና ስፒከር ላይ አድርገው ኮሚሽኑን ጠየቁ።

"ትናንት ሲደውሉ ነግረንዎት ነበር እኮ፤ አክሲዮኑንም ገዝተዋል" አለች ሠራተኛዋ።

"ትናንት? ቀኑን ሙሉ ሺፍት ላይ ነበርኩ!"

"የተቀዳውን ላሰማዎት።"

ድምፁ የሳቸው ነው። ኮሚሽን ከማለታቸው በፊት ጉሮሯቸውን የሚጠርጉት ነገር እንኳ አልቀረም። ከጀርባው የዚያው የሳቸው ወጥ ቤት ፍሪጅ ሲያጉረመርም ይሰማል። ከዚያ ድምፁ፣ ከሳቸው ሰምቼው በማላውቀው እርጋታ፣ "የፈለገውን ያህል ይሁን፣ ግዙልኝ" አለ።

 ጋሼ ምንዳዬ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ዞር ብለውም ወጥ ቤቱን አዩ። ማንም የለም።

"ጋሼ፣ ፖሊስ ጋ ልደውልልዎት?" አልኳቸው።

በእጃቸው ዝም አሰኙኝና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ፦

"ለመሆኑ፣ እሱን ስንት አስከፈላችሁት?"