ፓርክ እያደረግኩ ነው

እኔ በፊልም ብዙ አልጨቃጨቅም። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ሲገልጥ በረሃ መሃል ቢገኝ ምን ገዶኝ? ሐምሌ ላይ ልጄ ሰሚራ እዚህ ባህር ማዶ፣ ግሬፕቫይን ከተማ ሲኒማ የወሰደችኝ እንዲህ ያለ ፊልም ልታሳየኝ ነው። ሰዎቹ እንዳሻቸው ከያሉበት ይጠፋሉ፤ ሌሎች መሣሪያ ይዘው ያሳድዷቸዋል። ጣሪያ ላይ ይደባደባሉ፣ ጡጫው ሳያርፍ ሌላ አገር ይገባሉ። ይሁን። የገረመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ ግርግር አንድም ሰው ተደውሎለት «የት ደረስክ?» አልተባለም።

እኛ እኮ ይህን ሳይሄዱ የመድረስ ጥበብ ከጀመርነው ቆይተናል። ፎጣ አገልድመን «ሃይዌይ ላይ ነኝ» እንላለን። ጫማችንን እየፈለግን «ከሃይዌዩ በኤግዚቱ ወጣሁ» እንላለን። እኔ ደግሞ ኤርፖርት ሰው ሳመላልስ የኖርኩ ሾፌር ነኝ፤ በተሳፋሪ ላይ አንድ ደቂቃ አላሳልፍም። ለወዳጅ ግን መቼ ተቸኩሎ ያውቃል?

ያን ቀን ታዲያ አስር ሰዓት ላይ ፕሌኖ ከተማ ሽምግልና ነበረብኝ። የሟቹ ጓደኛችን ልጅ ፉአድ ሊያገባ ነው። የልጅቷ አባት ሐጂ ይማም «ሰው የሌለውን ልጅ ምን ብዬ ልመን?» እያሉ ሁለት ጊዜ መልሰውናል። ይህ ሦስተኛው ነው፤ ከዚህ በኋላ መመለስ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን፣ ተናጋሪው እኔ። እኔ ሳልመጣ ማንም አፉን አይከፍትም።

ፊልሙ ዘጠኝ ተኩል ያልቃል ብዬ ነበር። ከፊቱ የሚመጣውን ማስታወቂያ አላሰብኩትም። ልክ አስር ሰዓት ላይ፣ ዋናው ሰውዬ ገና እየተደበደበ እያለ፣ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ጀማል ነው፣ ሁለተኛው ሽማግሌ። አጎንብሼ በሹክሹክታ «ደርሻለሁ፣ ፓርክ እያደረግኩ ነው» አልኩት።

ወጣን። ሰሚራ እየነዳች «አባ፣ ጀስት እውነቱን ንገራቸው። ሲምፕል ነው» አለችኝ። እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉም ነገር ሲምፕል ይመስለዋል። ስልኬንም አጥፍቼዋለሁ፤ ምን ብዬ ላንሳው?

ፕሌኖ የደረስነው ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ ነው። ሐጂ ቤት ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ሐጂ ይማም በዚያ ሙቀት ከዘራቸውን ይዘው ከቆመ መኪና ወደ ቆመ መኪና ይሄዳሉ፤ በመስኮት ውስጡን ያያሉ። ጀማል ኮቱ በላብ ርሶ ሆስፒታል ለሆስፒታል ይደውላል። ሦስተኛው ሽማግሌ የጎረቤት በር ያንኳኳል። ለካ ፓርክ እያደረግኩ ነው ብዬ ስቀር፣ መኪና ውስጥ ሙቀት የጣለኝ መስሏቸዋል! ጀማል ሲያየኝ አቅፎኝ አለቀሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ቤት ገባን። እንደ ወጉ ቆሜ ንግግሬን ልጀምር ጉሮሮዬን ስጠርግ ሐጂ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ተቀመጥ፣ ጨርሰናል። ይህ ልጅ ሰው የለውም ብዬ ነበር የፈራሁት። አንድ ሽማግሌ ቢጠፋ እንዲህ የሚሯሯጡ ሰዎች ካሉት፣ ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። ሁሉም እፎይ አለ። ሐጂ ግን ወደ እኔ ዞር ብለው «ለመሆኑ የት ጠፍተህ ነው?» አሉኝ።

«ሲኒማ ነበርን» አለች ሰሚራ። በሕይወቷ እንዲህ የጠራ አማርኛ ተናግራ አታውቅም።

ጀማል የረጠበ ኮቱን አየ፣ እኔን አየ። ሐጂ ከዘራቸውን ሁለቴ መሬት መቱና «ቃሌን አላጥፍም» አሉ። «የሰርጉ ዕለት ግን ለዚህ ሰውዬ ከሌላው ሰው የቀደመ ሰዓት ንገሩት።»

እንዳሉትም ተደረገ። የሰው ሁሉ ጥሪ ወረቀት እኩለ ቀን ይላል፤ የእኔ ጠዋት አራት ሰዓት። እኔ ይህን አላወቅኩም። ፋርመርስ ብራንች ከተማ ካለው የሰርጉ አዳራሽ አራት ተኩል ላይ ስደርስ በሩ ተቆልፏል፤ ከአንድ ሰው በቀር ማንም የለም። ሐጂ ይማም ናቸው፣ ከነካባቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ጥሪያቸውን ከእጃቸው ተቀብዬ አነበብኩት። አራት ሰዓት ይላል፣ በገዛ ልጃቸው፣ በሙሽራዋ እጅ ጽሕፈት።

«እርስዎንም?» አልኳቸው።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ» አሉኝ።