የሃያ ያርድ አጋዘን

እስቲ ጠጋ በሉ። አላረዝምም፤ የያዛችሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ።

ሃምሳን ያለፈ ወንድ ዕቃ ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ይገዛል፤ ምክንያቱን ቆይቶ ይፈልግለታል። እኔ ራሴ ጀልባ ሳይኖረኝ የጀልባ መጎተቻ አለኝ። ስለዚህ በግርማ አልፈርድም።

ግርማ ሚድታውን ፓርኪንግ የሚሠራ፣ እዚሁ ስማይርና ከተማ ጎረቤቴ የሆነ ጓደኛዬ ነው። በፈረንጅ ሁለት ሺህ አስራ አራት ላይ አብሮት የሚሠራ አሜሪካዊ የአደን ጠመንጃ ሸጠለት። የድሮ ዓይነት ነው፤ ባሩዱንም ጥይቱንም በአፈሙዙ አጉርሰህ በዘንግ ትጠቀጥቀዋለህ። አንዴ ይተኮሳል፣ ከዚያ ጭስ ነው። ሁለተኛ እስክታጎርስ አጋዘኑ የስቴቱን ድንበር አቋርጦ ቴነሲ ገብቷል።

ምክንያቱ ደግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ አገኘው። የሚስቱ እናት እማማ ዘነበች ከአዲስ አበባ ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር፤ የሱቅ ሥጋ ማን በማን ስም እንዳረደው አይታወቅም ብለው አምስት ወር ሙሉ በሽሮ ከረሙ። ሊመለሱ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ግርማ እንቅልፍ አጣ። አገር ቤት ገብተው፣ ልጄን ያገባት ሰውዬ ቤት ሥጋ ሳልቀምስ መጣሁ ካሉ፣ ያ ሁሉ ዘመድ ምን ይለዋል? ስለዚህ አጋዘን ጥሎ፣ ራሱ ባርኮ አርዶ ሊያበላቸው ቆረጠ።

ጣጣው እዚህ ላይ መጣ። ተኩስ የምንለማመድበት ሬንጅ ውስጥ ዴል የሚባል ሽማግሌ አለ። ጠመንጃው ከአደን በፊት ሳይት ኢን ይደረጋል አለን። ጥይት እየራቀ ሲሄድ ዝቅ ስለሚል፣ በስንት ያርድ ርቀት ላይ ልክ ያነጣጠርክበትን እንዲመታ እንደምትፈልግ ትመርጥና ማነጣጠሪያውን በዚያ ታስተካክላለህ። የእሱ ምክር መቶ ያርድ ነው። ግርማ አሰብ አደረገና፣ አጋዘኑ ከተመታ በኋላ ስንት ደቂቃ በሕይወት ይቆያል ብሎ ጠየቀው። ዴል ኮራ ብሎ፣ ጥሩ ተኳሽ ከሆንክ ወዲያው ነው የሚሞተው አለ።

የግርማ ፊት ጠቆረ። ሳይታረድ ከሞተማ ለእማማ በክት ነው። እኛ የምንፈልገው መካከለኛ ተኳሽ ነው አለው! ዴል ቆቡን አውልቆ አናቱን አከከ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም መሰለኝ። ቢበዛ አስር ሴኮንድ ይቆያል አለን።

እንግዲህ በዚያች አስር ሴኮንድ ሮጦ ደርሶ ማረድ ስላለበት፣ ርቀቱን የሚመርጠው ጠመንጃው ሳይሆን የግርማ ጉልበት ሆነ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከአፓርታማው ጀርባ ያለው ሜዳ ወጣን። ቢላ ይዞ መሮጥ ለጎረቤት ስለማይመች ማማሰያ ያዘ። አጋዘኑ እኔ ነኝ። በጎኔ ሣሩ ላይ ተኝቼ በስልኬ ሰዓት እይዛለሁ፤ ስሞት እናገራለሁ። እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው በረንዳው ላይ ሆነው ያዩናል።

ከመቶ ያርድ ተነሳ። እስኪደርስ ሞቼ፣ ቀዝቅዤ፣ አንድ ሁለት ቴክስት መልሼ ነበር። ከሃምሳ ሞከረ፤ ሞትኩ። ከሠላሳ ደረሰልኝ፣ ግን "በስመ አብ" ብሎ "ወወልድ" ላይ ትንፋሽ አጠረው። እየሮጥኩ ብጀምረውስ አለኝ። አይሆንም አልኩት፤ መታረዴ ካልቀረ በሥርዓት ይሁን። ከሃያ ሲነሳ ማማሰያውን አንገቴ ላይ አሳርፎ ሙሉውን ጨረሰ፤ አንድ ሴኮንድ ተርፎኝ እያየሁት ነበር። በሃያ ተስማማን።

ግርማ ላቡን እየጠረገ እማማ ዘንድ ሄዶ ሁሉንም አስረዳቸው። ጠመንጃውን በሃያ ያርድ ሳይት ኢን እናደርገዋለን፤ አጋዘኑ ሃያ ያርድ ድረስ እስኪመጣልን ዛፍ ሥር ዝም ብለን እንቀመጣለን፤ ባይመጣ በማግስቱም እንቀመጣለን፤ እርስዎ ተባርኮ የታረደ ሥጋ ሳይበሉ አውሮፕላን አይሳፈሩም። እኔም ከሱሪዬ ላይ ሣር እያራገፍኩ፣ በአጋዘኑ በኩል ችግር እንደሌለ አረጋገጥኩላቸው።

እማማ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙት። ማማሰያቸውን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ቀና ብለው አዩትና፣

"ግርማዬ፣ እዚህ አገር በግ የለም?" አሉት።