ጋቢና የገባችው ልጄ

መንገደኛ አገር አቋርጦ ሲሄድ ስለ አገሩ የሚያስብ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። መንገደኛ የሚያስበው ስለ መቀመጫው ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ ግድ የላችሁም፤ ጎማው ላይም ተቀመጡ፣ የማታውቁት ሰው ጆንያ ላይም ተንጠላጠሉ፣ ብቻ ትደርሳላችሁ። ትንሽ ልጅ ይዛችሁ የተነሳችሁ ዕለት ግን ተሽከርካሪ ሁሉ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ፊትና ኋላ። እናንተ ደግሞ ሁልጊዜ ኋላ ናችሁ።

ባቡር በለመዱ አገሮች ነገሩ ስም ወጥቶለታል አሉ፤ አንደኛ ማዕረግ፣ ሁለተኛ ማዕረግ እየተባለ። ልጅ የያዘ ሰው ትንሽ ጨመር አድርጎ ወደ አንደኛ ማዕረግ ይዛወራል፤ ልጁም ሰፊ ወንበር ላይ ተጋድሞ እየተወዛወዘ ይተኛል። እኛ የወልድያ ሰዎችም ለዚህ ወግ ተቃርበን ነበር። ከከተማችን ወጣ ብሎ ሐራ ላይ ጣቢያው ተሠርቶ፣ ሐዲዱ ተዘርግቶ፣ የጎደለው ባቡሩ ብቻ ነበር። አንድ እሁድ ልጄን ሶስናን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወስጄ ሐዲዱን አሳይቻታለሁ። “ባቡሩስ?” አለችኝ። “ይመጣል። ሲመጣ እኔና አንቺ አንደኛ ማዕረግ እንገባለን፤ በመስኮቱ ማሽላው ሲሮጥ እናያለን” አልኳት።

ባቡሩ ሳይመጣ ጦርነቱ መጣ።

እንግዲህ ባቡር የሌለው ሰው አንደኛ ማዕረጉ ጋቢና ነው። ከሾፌሩ ጎን ያለችው ያቺ ጠባብ ቦታ ዝናብ አይገባባትም፣ ነፋስ አይመታባትም፤ እዚያ የተቀመጠ ሰውም፣ ማንም ይሁን ማን፣ ፊቱ ላይ ትንሽ የሹመት ነገር ይታይበታል።

ክረምት ነበር። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከቆቦ በኩል እየቀረበ ሲመጣ ወልድያ ዕቃዋን መቋጠር ጀመረች። ባለቤቴ እናቷን ልታስታምም ደሴ ሄዳ እዚያው ቀርታለች፤ ስልክ ተቋርጧል። እኔ በቀለም ቅብ የምተዳደር ሰው ነኝና የምሸከመው ብዙ ንብረት የለኝም። ብሩሾቼን ጥዬ ሶስናን አንስቼ ወጣሁ። ገና አራት ዓመቷን አልደፈነችም። አንድ ሰማያዊ አይሱዙ አገኘንና ከፍራሽ፣ ከጆንያ፣ ከዶሮና ከሰው ጋር ኋላ ላይ ተጫንን።

ሲሪንቃን ስናልፍ ዝናቡ ያዘን። ከላያችን ላይ ሸራ ወጠርን፤ ዝናቡ ግን ሸራ መወጠራችንን የሰማም አይመስልም። ሶስና ደረቴ ላይ ተለጥፋ ትንቀጠቀጣለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሲሆን ሳይ፣ ጦርነቱንም ቤቴንም ረሳሁና አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ። ጋቢና።

መርሳ ስንደርስ ጋቢና ከነበሩት ሁለት ሰዎች ወረዱ። በምትካቸው አንዲት አሮጊት፣ ሊሸኛቸው በመጣ ልጃቸው ተደግፈው መጡ። እማማ ዘሃራ ይባላሉ። አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ልጃቸው ያቺን ቦታ ለማግኘት ሲለምን መዋሉ ከድምፁ መዝጋት ያስታውቃል። እሳቸው እግራቸውን ዘርግተው ከገቡ በኋላ አንዲት ስንዝር የማትሞላ ክፍተት አየሁ። ዘልዬ ወረድኩና ሾፌሩን ተማጸንኩት።

“ለእሷ ቦታ አለ፤ ለአንተ የለም” አለኝ። ክፋት የለበትም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ከጎኑ የታመመ ወንድሙን ትከሻው ላይ አስደግፎ ይዟል፤ ወደ ደሴ የሚበረውም ለሐኪም ነው።

ልጅን ለማያውቁት ሰው መስጠት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በመካከል ያለው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ቢሆንም እንኳ። እማማ ዘሃራ እጃቸውን በመስኮቱ ዘረጉ።

“ስጠኝ ልጄ። ደሴ እስክንደርስ ያንተ አደራ ናት። ኢንሻ አላህ ምንም አትሆን።”

ሰጠኋቸው። ሻርፓቸውን ገልጠው ከውስጥ አስገቧትና እንደ ጫጩት ሸፈኗት።

ወደ ቦታዬ ስመለስ ኋላ ያሉት ሰዎች “ልጅህ ተሾመች” ብለው ቀለዱብኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ጆንያ ላይ ተጋደምኩ። በጋቢናው የኋላ መስታወት ሹሩባዋ ይታየኛል። ዝናቡ ሲባራ ጉም ከሜዳው ተነሳ፤ የሀብሩ ማሽላ በግራም በቀኝም ዝም ብሎ ወደ ኋላ ይፈስሳል። እንቅልፍ ይሁን ድካም እንጃ፣ መኪናው መንገጫገጩን ያቆመ፣ ከሥሩ ሐዲድ የተዘረጋለት መሰለኝ። ድምፅ የለም። ጦርነት የለም። እኔና ልጄ ሰፊ ወንበር ላይ ተቀምጠን ወደማላውቀው ደግ አገር እንሄዳለን።

“ኋላ ያላችሁ ውረዱ!” የሚል ድምፅ አባነነኝ።

ውርጌሳን አልፈን አቀበቱ ሥር ደርሰናል። ሞተሩ ያቃስታል፤ ከነሸክማችን ሊያወጣን አልቻለም። “በእግር ውጡ፤ ላይ እጠብቃችኋለሁ” አለ ሾፌሩ። ሶስናን ልወስዳት ወደ መስኮቱ ሄድኩ። እማማ ዘሃራ ጭን ላይ ለጥ ብላ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ቀልቷል። ቀስቅሼ ጉም ውስጥ ላስኪዳት? እናንተ ብትሆኑስ ታደርጉት ነበር? ተውኳት። መኪናው ቀስ እያለ ወጣ፤ የኋላ መብራቱ ጉሙ ውስጥ ደብዝዞ ጠፋ።

አቀበቱን ጨርሰን ላይ ስንደርስ መኪናው የለም።

መንገድ የሚያስተናብሩ ሰዎች አግኝቼ ጠየቅኳቸው። ተሽከርካሪ ሁሉ ተከታትሎ እየመጣ ስለሆነ ማንም እንዲቆም አልተፈቀደም አሉኝ። “ወደ ፊት ይጠብቅሃል” ብለው አጽናኑኝ። ወደ ፊት ሮጥኩ። ከኩርባው ጀርባ የለም። ከቀጣዩም ኩርባ የለም። ያገኘሁትን መንገደኛ ሁሉ ሰማያዊ አይሱዙ አይታችሁ እንደሆነ እያልኩ እጠይቃለሁ። ፍራሽ የተሸከመ አንድ ሰው ሳይቆም፣ “ወንድሜ፣ ሁሉም አይሱዙ ነው፤ ሁሉም እየሮጠ ነው” አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውሰውም። እግሬ ይሄዳል፤ እኔ ግን ከእግሬ ጋር የነበርኩ አይመስለኝም። ጉሙ ሰዎችን አንድ በአንድ ያወጣና መልሶ ይውጣል። ልጅ የታቀፈች ሴት ብቅ ስትል ወደ እሷ እሮጣለሁ፤ ስትቀርብ የሌላ ሰው ልጅ ናት። ለእናቷ ምን እላለሁ? ብርድ እንዳይነካት ብዬ ጣልኳት እላለሁ?

ውጫሌ መግቢያ ላይ፣ በሯ የተዘጋ አንዲት ሱቅ በረንዳ ላይ፣ አንዲት አሮጊት የማይታጠፍ እግራቸውን ወደ መንገዱ ዘርግተው ጓዛቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከሻርፓቸው ሥር አንዲት ትንሽ እጅ ወጥታ ከመዳፋቸው ቆሎ ታነሳለች።

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ሶስና “አባዬ፣ ረጠብክ” አለችኝ እያኘከች።

“ተነስ ልጄ፣ ጭቃ ነው” አሉ እማማ ዘሃራ። “ሾፌሩን አቁም ብለው፣ ማቆም አይቻልም አለኝ። አባቷ ደሴ ያገኛታል አለኝ። እሱም አልዋሸ፣ ወንድሙ በእጁ እየደከመበት ነው። ግን ደሴ ሰፊ ነው። አባትየው የማርፍበትን ቤት አያውቅ፣ ስሜን አያውቅ፣ የት ብሎ ይፈልገኛል? መንገዱ ግን አንድ ነው። ተሽከርካሪው ቀዝቀዝ ሲልለት እዚህ አውርደኝ አልኩት።”

“ወንበርዎን ለቀቁ? ልጅዎ ስንት ለምኖ ያገኘልዎትን?”

“ወንበሩማ ሄደ” አሉ ዘና ብለው፣ “አደራው ግን እዚህ ነው።”

“ጉልበትዎስ?”

“ቁጭ ካልኩማ ምን ይለኛል። የሚያስቸግረኝ መነሳቱ ነው።”

እውነታቸውን ነበር፤ መነሳቱ አስቸገረን። ከብዙ ልመና በኋላ የቆመልን በሬዎች የጫነ መኪና ነው። ጋቢናው እስከ አፉ ሞልቷል። ከመንገደኞች ጋር ሦስት ሆነን ተሸክመን ኋላ ላይ ስንሰቅላቸው “ቢስሚላህ” ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። በበሬዎቹ መካከል ተቀመጥን። እንስሳቱ ሲተነፍሱ የሚወጣው እንፋሎት አካባቢያችንን አሞቀው። ሐይቅን ስናልፍ ውሃው ከጉሙ ሥር እንደ መስታወት ተኝቶ አየሁት። ልውሰድልዎት ብላቸው እማማ ዘሃራ ልጄን አልሰጡኝም። “ትተኛ” አሉ።

ደሴ ስንገባ እየመሸ ነበር፤ የደሴን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። መለያያችን ላይ ሶስና የሻርፑን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ ተኝታለች። ጣቶቿን ላላቅቅ ስል እማማ ዘሃራ እጄን ያዙኝ። ሻርፑን ከትከሻቸው አውርደው ከነልጅቷ ጠቀለሉልኝ፤ በሻሻቸው ብቻ፣ ሲጠብቃቸው በቆየ አንድ ወጣት ዘመዳቸው ተደግፈው፣ ዳገቱን እያነከሱ ወጡ።

ነገር ከበረደና ሰው ወደ ቀዬው ከተመለሰ በኋላ ደሴ ያገኘናት ባለቤቴ ሻርፑን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ሦስታችንም መርሳ ወረድን። ጠይቀን አገኘናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ፓፓያ ሥር ተቀምጠዋል። ባለቤቴ እግራቸውን ልትስም ስትንበረከክ ከለከሏት፤ ዓይናቸው ልጅቷ ላይ ነው። ሶስና ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተደበቀች።

“ሰላም በያቸው እንጂ” አልኳት አፍሬ። “እማማ ዘሃራ ናቸው፤ መኪና ውስጥ አቅፈውሽ የነበሩት። ዝናቡን አታስታውሺም?”

ራሷን ነቀነቀች። ዝናቡንም፣ መኪናውንም፣ በረንዳውንም፣ አንዱንም አታስታውስም። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

እማማ ዘሃራ ግን ፊታቸው በራ። “አልሐምዱሊላህ” አሉ ቀስ ብለው። “ያን ክፉ ቀን አላስታወሰችም። ልጄ፣ ከዚህ በላይ ምን ይዘህልኝ ልትመጣ ኖሯል?”

ከዚያም ከአጠገባቸው የበሰለ ፓፓያ አንስተው፣ ከፍለው፣ እንደማንኛውም እንግዳ ልጅ ስሟን ጠየቋት።