መስቀሉ አንድ ስንዝር ሸሸኝ

እሑድ ጧት ሦስት ሰዓት፣ ከቅዳሴ መውጫ ላይ፣ የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን ሲዘረጉልኝ ጎንበስ ብዬ ነፋስ ተሳለምሁ።

አታምኑኝም ይሆናል። ምስክር ግን ሞልቷል፤ ደጀ ሰላሙ በሰው ጢም ብሎ ነበር።

ለማታውቁኝ፦ ደብረ ታቦር ተቀምጬ ወሬ እጽፋለሁ። ጣልያን ከገባ ወዲህ ጋዜጣው የሱ ስለሆነ፣ የእኔ ወረቀት በእጅ እየተገለበጠ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልጽፍም። ሰው የሚያምነኝም ለዚሁ ነው።

እዚህ ላይ ኑዛዜ አለብኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ሞራ ጋርዶት ነበር። «አየሁ» ካልሁት ግማሹን ያየችው ባለቤቴ የሺ ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ጋፋት ወሩን ሙሉ በጉም ተሸፍኖ ከረመ ብዬ ጽፌላችሁ አልነበር? እርማት፦ ጉሙ የነበረው ዓይኔ ላይ ነው።

በመጨረሻ የሺ መረራት። «ወይ ይታከሙ፣ ወይ ብዕሩን ለኔ ይስጡኝ» አለችኝ። ከተማችን የገባው ጣልያን ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ያንዱን ዓይኔን ሞራ ገፈፈልኝ፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ሁለቱንም ጠቅልሎ ብዙ ቀን በጀርባዬ ካስተኛኝ በኋላ ፈታኝና እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ሰጠኝ።

ሰማይ ሰማያዊ መሆኑን ረስቼው ኖሯል።

ቤት ስገባ የሺን አየኋት። «ጸጉርሽ መቼ ሸበተ?» አልኋት።

«አንቱ ዓይንዎ ሲከዳዎ ነዋ። የሚያየኝ የለም ብሎ ሹልክ አለ።»

ሐኪሙ እንዳታለቅስ ብሎኝ ነበር። አለቀስሁ።

መነጽሩ ግን ጠባይ አለው፤ ሁሉን ያገዝፋል፣ ሁሉን ያቀርባል። ዶሮው በግ ያህላል። በሩ ጋ ደረስሁ ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ በሩ ገና ነው።

እሑድ የሆነውም ይኸው ነው። መስቀሉ ከንፈሬ ላይ ያለ መሰለኝ። ሳምሁ ብዬ ቀና አልሁ፣ አማተብሁ፣ ደስ ብሎኝ መንገዴን ቀጠልሁ። መስቀሉ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

ከኋላዬ ተራው የአያ ደምሌ ነበር። ወረቀቴን ጎረቤታችን ገሳይ ድረስ ወስደው ለሰው የሚያነቡልኝ እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ደግሞ አዋጅ ነጋሪ አያሻውም።

«ዓይኑን የገፈፈለት ፈረንጅ ሃይማኖቱንም ገፎ ሰደደው» አሉ።

ሰኞ ወረቀቴ ከገሳይ ሳይገለጥ ተመለሰ። ጀርባው ላይ «የባንዳ ወሬ አናነብም» የሚል ተጽፎበታል። ዕድሜዬን የለፋሁበት ስም በአንድ ቀን ሄደ ማለት ነው።

ማክሰኞ የማኅበራችን ቀን ነበር። ገብቼ ስቀመጥ አጠገቤ ያሉት ትንሽ ሸሹ። መነጽሩ ቢያቀርባቸውም ሲሸሹ አይቻለሁ።

የንስሐ አባቴ ጀመሩ። «ልጄ፣ ምን በደልሁህና ነው መስቀሌን የናቅኸው?»

«አልናቅሁም አባቴ። መነጽሩ አታሎኝ ነው።»

መቋሚያቸውን ዘረጉና «ጫፉን ንካ» አሉኝ። እጄን ሰደድሁ፤ አየር ጨበጥሁ። አምስት ጊዜ ሞከርሁ። አምስቱንም አንድ ስንዝር ቀረኝ፤ ራሳቸው በእጃቸው ለኩት።

«ማስመሰል ያውቅበታል» አሉ አያ ደምሌ። ከጎኔ ተቀምጠው ዋንጫቸውን ከጭናቸው ማዶ ያዙ። «እስቲ ቅዳልኝ!»

ማድጋውን ተቀብዬ በጥንቃቄ ቀዳሁ። እስከ አፉ ሞላሁ ብዬ ቀና ስል ዋንጫው ደረቅ ነው። የማኅበሩ ጠላ በአያ ደምሌ ጋቢ ላይ ወርዶ ጭናቸው ውስጥ ተኝቷል።



«ደምሌ፣» አሉ የንስሐ አባቴ፣ «የማኅበር ጠላ ሆን ብሎ የሚያፈስ ሰው በዚህ አገር አይተህ ታውቃለህ?»

አያ ደምሌ ጋቢያቸውን ጨመቁ። «የለም አባቴ። ይኽስ እውነትም አያይም።»

ሳቁ ጣራ ነካ። ሸሽተው የነበሩትም ተመልሰው ተጠጉኝ፤ ማድጋውን ግን ከእጄ ወሰዱት። የንስሐ አባቴም ፈረዱ፦ እስክለምድ ድረስ እኔ ዝም ብዬ እቆማለሁ፣ መስቀሉ ወደኔ ይመጣል።

ስንወጣ አያ ደምሌ እጄን ይዘው ወደ ጎን ሳቡኝ።

«ሞራውን ሲገፍፍልህ አመመህ?»

«ዓይኑን በጠብታ አደንዝዞት ነበር። የሚያመው ሳይነቃነቁ በጀርባ ተኝቶ መሰንበቱ ነው።»

«እናቴ ደጅ ከወጣች ሁለት ክረምት ሆናት። በድምፄ ነው የምትለየኝ። ታየኝ ይሆን?»

«የሌላውን ሰው ዓይን አላውቅም። የኔ አይቷል። ካዩዎ ግን ገዘፍ አድርገው ነው።»

«እሱስ ግድ የለም» አሉ።

ከዚህ ሁሉ ምን ተማርሁ? ያየ ሁሉ አይደርስበትም። እናንተም ከጎኔ ስትቀመጡ ጭናችሁን ጠብቁ።

ረቡዕ ወረቀቴ ገሳይ ገብቶ ተነበበ።

ሐሙስ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ አያ ደምሌ እናታቸውን በበቅሎ አስቀምጠው በሐኪም ቤቱ በር ገቡ።