የደነገጠ ድንች

መድኃኒት ለበሽተኛ ነው ተብለን አድገናል። ሳያመው መድኃኒት የሚጠጣ ሰው ካያችሁ፣ ወይ ሐሳብ የበዛበት ነው፣ ወይ ከተማ የገባ ልጅ ያለው። እኛ ደገኞቹማ ሕመሙ አስተኝቶን፣ አቃዥቶን፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲያበቃ ነው ጤና ጣቢያ የሚታወሰን። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው እኛን አይተው መሰለኝ። ውሻውስ ቢዘገይም ጮኸ።

በእርሻውም እንዲሁ ነን። ከድብ ባሕር አቀበቱን ወጥታችሁ እኛ ዘንድ ስትደርሱ፣ በክረምት ጉሙ ይወርድና ሦስት አራት ቀን ድንቹ ላይ ይተኛል። ሲነሣ ቅጠሉ እሳት እንደጎበኘው ጠቁሯል። ምች መታው እንላለን። ሰውንም የሚመታ ምች አለ፤ እሱስ በዳማከሴ ይታሻል። አንድ ማሳ ሙሉ ድንች ግን ማን አሽቶ ይዘልቀዋል?

አምና ምቹ ማሳዬን ጠራርጎ በላው። ጎንደር ከተማ የሚኖረው ልጄ በማኪናው መጣና የጠቆረውን ሲያይ፣ «እምዬ፣ አንድ ዓመት ደግሞ ሞክሪ። በሚቀጥለውም ምች ከመታው መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተሽ እኔ ዘንድ ትገቢያለሽ» አለኝ። እሺ አልሁ፤ ምን ልበል? ልጄ ክፉ አይደለም። ቤቱም ሸጋ ነው፣ ሶፋ አለው። ግን ሁለት ሳምንት ተቀምጬበት አውቀዋለሁ። በሩ ቀኑን ሙሉ ይቆለፋል። በሦስተኛው ቀን ቴሌቪዥን ላይ ዜና ከምታነበው ልጅ ጋር ሰላም መባባል ጀመርሁ።

እናም በዓመቱ ድንቹ ቅጠል ሲያወጣ ልቤ አብሮ ተንጠለጠለ። በዚህ መሐል የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ፣ ብርቱካን፣ መርጫዋን አዝላ መጣች።

«እማማ፣ ለሙከራ ነው፤ ከፈቀዱ።»

«ምች ይገድላል?»

«አይገድልም። ድንቹን ያስደነግጠዋል። በሽታ የመጣበት ይመስለውና ቆዳውን ያጠነክራል፣ በውስጡ መከላከያ ያሰናዳል። እውነተኛው ሲመጣ ነቅቶ ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው ጤነኛ ሳለ የሚረጨው።»

የድንበር ጎረቤቴ አያ ጎሹ አጥሩን ተደግፎ ይሰማል። «ጉድ ነው! ላልታመመ መድኃኒት፣ ላልመጣ ጠላት ፉከራ! አንቺ ሴት፣ ልጅሽ ሲመጣ ድንቹ ይፎክርለት ይሆን?»

ብርቱካን ሳቀች፤ እኔም እሺ፣ ርጪ አልኋት። ረጭታ ስትጨርስ አንድ ጠርሙስ ትታልኝ፣ «ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙት» አለችኝ።

አሁን እናንተው ፍረዱኝ። ፀበል ሰባት ቀን ነው ሲባል ሰምቼ ያረጀሁ ሴት ነኝ። አንድ ቀን ተረጭቶ የሚድን አለ እንዴ? ጉሙ ሲወርድ አንጀቴ አልቻለም። መድኃኒቱን በባልዲ በጠበጥሁ፣ የወይራ ቅጠል ቆረጥሁ፣ ሰባት ጧት፣ እህል ሳልቀምስ፣ በስማም እያልሁ ረጨሁት። ታችኛዋ እርከን ብቻ ቀረች፤ ቁልቁለት ናት፣ ጉልበቴ አልወርድም አለኝ። ብርቱካን በቀጠሮው መጥታ ያችን ራሷ ደገመቻት። ላይኛውን «ደግሜዋለሁ» አልኋት። ስንት ጊዜ ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልዋሸሁም።

ነሐሴ ላይ ምች መጣ። የአያ ጎሹ ማሳ በሦስት ቀን ጠቆረ፤ ምስኪን፣ ቀልዱም አብሮ ጠቆረ። የእኔ ድንች ላይ ነጠብጣብ ወጣና እዚያው እንደ ጠቃጠቆ ደርቆ ቀረ። ሶፋውን ተገላገልሁት አልሁ በልቤ።

መስከረም ላይ ልጄ መጣ፤ አብረን ቆፈርን። የመጀመሪያውን ብንነቅል የነጭ ሽንኩርት ፍንካች የሚያክል ድንች። ሁለተኛው ከዚያም ያነሰ። ብርቱካን ተጠርታ መጣች። ድንቹን አየች፣ ባዶውን ጠርሙስ አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«እማማ፣ ስንት ጊዜ ረጩት?»

«ሰባት።»

«ሰባት! በየጧቱ ጠላት መጣ የሚባል ቤት መቼ እህል ይቀምሳል? ጉልበቱን ሁሉ በመከላከል ጨርሶታል፤ ከሥሩ የሚያኖረው አጣ።»

ታችኛዋን እርከን ስንቆፍር ድንቹ ጡጫ ጡጫ ያክላል። ጉልበቴ ከእኔ ይልቅ ብልህ ኖሯል።

ስንት ሰው አውቃለሁ መሰላችሁ፣ ዕድሜውን ሙሉ አጥር ሲያጠብቅ፣ ሲጠረጥር፣ ሲያደምጥ ከርሞ ከሥሩ ቢቆፍሩት ፍንካች የሆነ። ድንጋጤ ጥቂቷ ታነቃለች፤ ስትበዛ ታቀጭጫለች። ይህን ለማወቅ ሰባት ጧት ጦሜን መዋሌ ነው የሚቆጨኝ።

ልጄ እጁን አራገፈ። «እንግዲህ እምዬ፣ ልብስሽን ሰብስቢ።»

«ምን ተባብለን ነበር?»

«ምች ከመታው ብለን።»

«መታው?»

አያ ጎሹ ከአጥሩ ማዶ፣ «አልመታውም! እኔ ምስክር ነኝ፤ የተመታውማ እዚህ አለ!» ብሎ ጮኸ።

«እሺ አልመታውም። ይህን ፍሬ ምን ልታደርጊው ነው ታዲያ?» አለ ልጄ።

«ትንሽ ድንች ቶሎ ይበስላል» አልሁት።

ሳያስበው ሳቀ። ቀቅዬ አቀረብሁለት፤ ከነልጣጩ በበርበሬ እያጠቀሰ ሁለት ሳህን በላ። ወደ ማታ፣ እኔን ሊወስድ ባመጣት ማኪና አንድ ኬሻ ድንች ጭኖ ተመለሰ። ከታችኛዋ እርከን ነው። ምራቴ ትልቅ ትልቁን ትወዳለች።