ቄስ ቀንዓ ጊንጪ ላይ የቆሙ ዕለት

የቄስ ቀንዓን ነገር መጀመሪያ ያወራኝ ሂርጳ የሚባል የጉደር ጋሪ ነጂ ነው። «ያሳፈርኳቸው ከድልድዩ እስከ ገበያው ነበር፤ ወሬያቸው ግን ታንዛኒያ ገባ» አለኝ። አላመንኩትም። ሂርጳ ያጋንናል። በዚህ አገር ሳያጋንን የሚያወራ እኔ ብቻ ነኝ።

ብዙ አገር ያየ ሰው ቤቱ አይመለስም፣ ስሙኝ። እግሩ ይመለሳል፤ አፉ እዚያው ይቀራል። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም፤ የኛ የአምቦው ግን ሁሉንም ይበልጣሉ። ክቡር ቄስ ቀንዓ፣ የአምስት አገር ተጓዥ፣ የሦስት ትውልድ መምህር፣ የሙሽራም የሬሳም ገጣሚ! አምቦ ሀገረ ሕይወት በምትባልበት ዘመን ፊደል ማስቆጠር የጀመሩ፣ ዛሬ ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ እስካሁን አንድ ንግግር ያልጨረሱ።

የአውቶቡስ ጎማ ሲፈነዳ ሌላው ሰው ይራገማል። እሳቸው ወርደው «ህንድ ሳለሁ» ይላሉ። ጎማው ተቀይሮ፣ ሰው ተሳፍሮ፣ ሹፌሩ ክላክስ እየነፋ፣ እሳቸው ገና ህንድ ባቡር ጣቢያ ቲኬት እየቆረጡ ነው።

አንድ ቀን የተሳፈርንባትን ባጃጅ ትራፊክ አስቆማት። ቄስ አንገታቸውን አወጡና «አንተ፣ እጅህን ከኪስህ አውጣ» አሉት። አወጣ። ለካ አስተምረውታል።

«ማባዛት ለመድክ?»

«አዎ ቄስ።»

«ሰባት ጊዜ ስምንት?»

እሱ ሲያስብ እኛ ሄድን።

ላሜ የሞተች ጊዜ ደግሞ ግጥም ጽፈው መጡ፤ ለላም። ባለቤቴ ባየሽ ለአጎቷ ያላለቀሰችውን ያን ቀን አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ዓይኔ ውስጥ ገለባ ገብቶ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የልጅ ልጄ ሞቲ ጉደር ነርስ ነው። ሴና የምትባል ልጅ ወደደ። አባቷ ኦቦ ሌታ የጊንጪ እህል ነጋዴ ነው፤ ቁጡ። ሽምግልናውን እኔው ራሴ ያዝኩት። ከኔ የተሻለ ተናጋሪ ከየት ይመጣል? ሄድኩና «የኛ ዘር ለምኖ አያውቅም» አልኩት። «ታዲያ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» ብሎ በሩን ዘጋ። ሁለተኛ ስሄድ አሻሻልኩት። የበሬዬን ቀንድ ርዝመት በክንዴ እየለካሁ ሳሳየው ውሻ ፈታብን።

የቀረው ሦስተኛው ነው። ሦስቴ እምቢ የተባለ ሽማግሌ አይመለስም፤ ልጁ ሌላ ደጅ ይፈልጋል። ሞቲ ምግብ ተወ። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ አንድም ቀን አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

«ቄስ ቀንዓን ውሰድ» አለችኝ ባየሽ።

«ሴትዮ፣ ሌታ የኔን ሁለት ቃል አልቻለም፤ የሳቸውን ሁለት ቀን ይችላል?»

«ያንተ ሁለት ቃል ናት እንዴ?» አለችኝ።

ኅዳር ላይ፣ ሲነጋ፣ አራት ሽማግሌ ሆነን እርጥብ ሣር ጨብጠን ሌታ ደጅ ቆምን። «አካም ቡልተን»፣ እንዴት አደራችሁ፣ ተባባልን። ደንቡ ይታወቃል። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። የሚናገረው በዕድሜ ታላቁ ነው፤ «ጨርሻለሁ» እስኪል ማንም አያቋርጠውም። ባለቤቱም እስከዚያ እምቢ አይል፣ ጥሎም አይሄድ።

ታላቁ እኔ ነኝ ብዬ ጉሮሮዬን ስጠርግ ቄስ ከደረት ኪሳቸው ማኅተም ያለበት የጥምቀት ወረቀት አወጡ። እኔ ወረቀት የለኝም። እናቴ «በበረዶው ዓመት ነው የወለድኩህ» ብላኛለች፤ ከዚያ ወዲህ ስንት በረዶ ወርዷል። ቦታውን ለቀቅኩላቸው።

«ልጄ ሌታ» ብለው ጀመሩ፣ «ታንዛኒያ ሳለሁ…»

አለቀልን አልኩ በሆዴ። ፀሐይ ወጣች። የሌታ አይሱዙ ጤፍ ሊጭን ደጅ ቆሟል። ቄስ ኖርዌይ ገቡ፣ በረዶ ላይ ወደቁ፣ ስለ መውደቃቸው ግጥም ጻፉ፣ ግጥሙን በቃላቸው አሉት። ከዚያ በደርግ ጊዜ ወደታሰሩበት ክፍል መለሱን። የሚጠብቃቸውን ወታደር በመስኮት ፊደል ሲያስቆጥሩት ከርመው፣ ለእናቱ በገዛ እጁ ደብዳቤ የጻፈ ቀን ሁለቱም አለቀሱ። ይቺን እኔም ሰምቻት አላውቅም።

«ቄስ፣ አረፍ ብለው ያውሩን እንጂ» አለ ሌታ፣ ዓይኑ አይሱዙው ላይ ሆኖ።

«እሺ ሳልባል አልቀመጥም ልጄ። ቀጥሎ ጀርመን ነው።»

ሦስት ሰዓት አለፈ፤ አራት ሰዓት ሆነ። ያኔ እግራቸውን አየሁ። ሱሪያቸው ይንቀጠቀጣል፤ ነፋስ ደግሞ የለም። ተጠግቼ በጆሯቸው «ቄስ፣ ይብቃ፤ ይወድቃሉ» አልኳቸው።

«ረጋሳ፣ ፊቱን አይቼዋለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጨርሻለሁ ካልኩ እምቢ ይላል። ካልጨረስኩ ግን እምቢ ማለት አይችልም። ክንድህን ስጠኝ።»

ሰጠኋቸው። ስንት ዓመት ሙሉ እኚህ ሰው ማቆም የማይችሉ ይመስለኝ ነበር። ክንዴን ጨምቀው ይዘው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጀርመን ገቡ።

ጀርመን ሳንወጣ ኤቢሴ፣ የሌታ ሚስት፣ ከጓዳ ወጣች። «አንተ፣ ያስተማረህ ሰው ደጅህ ላይ ቆሞ እንዲሞት ነው የምትጠብቀው? ልጅህም ከንጋት ጀምሮ ከበሩ ኋላ ቆማለች። እሷንም አንዴ እያት።»

ሌታ በሩን አየ። የቄስን ሱሪ አየ። አንገቱን ደፋ።

«ሰጥቻለሁ» አለ።

እፎይ! ደረቴ ላይ የተቀመጠ ኩንታል የወረደልኝ መሰለኝ። የምናገረው ቃል አጣሁ፤ እኔ ረጋሳ።

ወንበር መጣ። ቄስ ግን አልተቀመጡም፤ የጥሎሽ ነገር ገና አልተነሳማ። ሌታም አነሳው፤ «እንግዲህ ጥሎሹ አንድ ጊደርና…» ብሎ ጀመረ። ቄስ ክንዴ ላይ ተደግፈው ትንፋሽ ብቻ ሳቡ፤ ሰው ሊናገር ሲል እንደሚስበው ያለ ረጅም ትንፋሽ።

ሌታ እጁን አነሳ። «ይቅር። ጊደሯም ትቅር፣ ሌላውም ይቅር። ብቻ በፈጠረዎት፣ ይቀመጡልኝ።»

ተቀመጡ። ጎንበስ ብዬ ጫማቸውን ያወለቅኩላቸው እኔ ነኝ። ጊደሯም ከበረቴ ሳትወጣ ቀረች።