ፎልደሬን ለማን ሼር እንዳደረግኩት ዛሬ አወቅኩ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ፊቴን የት እንደማስገባው ጠፍቶኛል። የነቀምቴ ሰዎች፣ በእግዚአብሔር ይዣችኋለሁ፣ ይህን ፖስት ለአርጆ ሰው እንዳታሳዩብኝ!

ትናንት "ዊንዶውስን ፈትቼ ሊኑክስን ላገባ ነው" ብዬ ለጥፌ ነበር አይደል? ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ ላይካችሁን መልሱ።

ዊንዶውስ ንጹሕ ነው።

ጥፋተኛው እኔ ነኝ። እሱም ብቻ አይደለም፣ የአይሲቲ መምህር ነኝ! "ቲቸር፣ ኔትወርክ ምንድን ነው?" ተብሎ የሚጠየቀው ሰው እኔ ነኝ!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሌንሴ የምትባል የአርጆ ልጅ እወዳለሁ። እሷም ትወደኛለች። የቀሩት አባቷ ናቸው። እሳቸው ደግሞ በሽማግሌ ካልሆነ አያናግሩም፤ ያውም በማንም ሽማግሌ አይደለም። የሚሰሙት ሰው ካለ ድሮ አብረዋቸው ያስተማሩትን ኦቦ ቶለራን ነው።

ኦቦ ቶለራ ማለት ከአጥሬ ማዶ ያሉት ጎረቤቴ ናቸው።

"ታድለህ!" አላችሁ አይደል? ቆዩ እስቲ!

ሽማግሌ ሁኑልኝ ብሎ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም። ቤተሰቦቼ ከጎጃም የመጡ ናቸው። እኔ እዚሁ ነቀምቴ ተወልጄ ባድግም ኦሮምኛዬ የገበያ ነው። ቲማቲም እገዛበታለሁ እንጂ ሚስት አልጠይቅበትም። ስለዚህ በላፕቶፔ ካሜራ ራሴን እየቀረጽኩ መለማመድ ጀመርኩ።

ብቻዬን። ጠያቂውንም ተጠያቂውንም ሆኜ!

አንዴ እኔ ሆኜ "አካም ቡልታን፣ ኦቦ" ብዬ እንደምን አደሩ እላለሁ። ከዚያ ጋቢ ደርቤ፣ መነጽር አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ሰክቼ ኦቦ ቶለራን እሆናለሁ። ጉሮሮዬን በደንብ እጠርጋለሁ። "እንግዲህ፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ" ብዬ ወደ ዲጋ ሲሄዱ መኪና የተበላሸባቸውን ታሪክ እጀምራለሁ። ሰፈሩ በሙሉ በቃሉ የሚያውቀው ታሪክ ነው። መሀል ላይ እንደገና እኔ እሆንና "ኧረ እግሬ ደነዘዘ፣ ቶሎ እሺ ይበሉኝና ልሂድበት" እላለሁ።

እውነቱን ልናገር? ትወናውን እችልበታለሁ።

ቪዲዮው እየበዛ ላፕቶፑ ሞላ። የዩኤስቢ ቀዳዳው ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ ፎልደሩን በዋይፋይ ሼር አድርጌ ወደ ዴስክቶፔ ላሻግረው አሰብኩ። በየዓመቱ ክፍል ውስጥ የማስተምረው ነገር እኮ ነው!

ዴስክቶፑ ግን ላፕቶፑን አይቼው አላውቅም አለ።

ፓስወርዱን አጠፋሁ። ፋየርዎሉን አጠፋሁ። "ለማን ይፈቀድ?" ሲለኝ "ለሁሉም" አልኩት። ሚዲያ ስትሪሚንግ የሚባለውን፣ ያው ቪዲዮን አቅራቢያ ላለ ቲቪ ሁሉ የሚያሳየውን፣ እሱንም አበራሁት። ያገኘሁትን ሳጥን በሙሉ ራይት እያደረግኩ ወረድኩ።

ምንም!

ተናደድኩ። ያን ፖስት የለጠፍኩት ያኔ ነው። ዴስክቶፑ ላይ ሊኑክስን በፍላሽ አስነስቼ ሞከርኩ። ሊኑክስም ላፕቶፑን አላየውም።

እዚህ ላይ ሰው የሆነ ሰው ይነቃል። እኔ አልነቃሁም! ሁለት የማይተዋወቁ ሲስተሞች አንድ ዓይነት ምስክርነት ሲሰጡኝ ሁለቱም ተማክረውብኛል ብዬ አረፍኩት። እንዲያውም ማክ ያለው ሰው ላፈላልግ ነበር።

ዛሬ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ከሊኑክስ ጋር ስታገል፣ የኦቦ ቶለራ ባለቤት አዴ ጫልቱ ከአጥር ማዶ ተጣሩ።

"ማስረሻ! ኮቱ ሜ! ቶሎ ና እንጂ!"

ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ አለ። ምሳ ሊጋብዙኝ መስሎኝ እጄን ታጥቤ ሄድኩ!

ሳሎኑ ከጉቴ በመጡ እንግዶች ሞልቷል። ሁሉም እኔን አዩ። ከዚያ ቲቪውን አዩ። ከዚያ እንደገና እኔን።

ቲቪው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

ጋቢ ለብሼ፣ አፌን ከፍቼ፣ ፓውዝ ተደርጌ።

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። ለአዴ ጫልቱ መዝሙር አውርጄ አመጣልዎታለሁ ካልኩ ሰንብቻለሁ። ዛሬ ቲቪያቸው ላይ "የማስረሻ ላፕቶፕ" የሚል ሲመጣ "ይኸው ልጁ መዝሙሩን በአየር ላከልን!" ብለው ለእንግዶቻቸው ከፈቱላቸው።

በር ላይ እንደቆምኩ ሁሉም ነገር ገባኝ። ባለፈው ፓኬጄ ሲያልቅ አዴ ጫልቱ "እኛ እያለንልህ?" ብለው የዋይፋያቸውን ፓስወርድ ሰጥተውኝ ነበር። በእኛ ሰፈር ጎረቤትን ዋይፋይ መከልከል ጨው እንደ መከልከል ነው። የእነሱ ዋይፋይ ደግሞ እኔ በረንዳ ላይ ከራሴው ይበረታል። ላፕቶፔ በገዛ ፈቃዱ እነሱ ጋር ገብቶ ከርሟል። ዴስክቶፑ ግን ከእኔ ራውተር ጋር በኬብል ታስሮ ቁጭ ብሏል። በምን ይተያዩ?

ሼሪንጉ በትክክል ሠርቷል። ጎረቤት ቤት!

"ኢሱማ! ራሱን ነው እኮ፣ ራሱን!" አሉ አዴ ጫልቱ እንባቸውን እየጠረጉ። እንግዶቹ በሳቅ ፈረሱ። ኦቦ ቶለራ ብቻ አልሳቁም።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ልክ እንደኔ! ይቅርታ፣ ልክ እኔ እንደሳቸው።

"ታኢ" አሉኝ ወንበር እያሳዩ። ቁጭ አልኩ። ቀልዱን ልተወውና፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እሳቸው እምቢ ካሉ ወደ አርጆ የሚሄድልኝ ሰው የለኝም። በሆዴ ሌንሴን ተሰናበትኳት።

ኦቦ ቶለራ ሪሞቱን አንስተው ቪዲዮውን አስቀጠሉት።

የሚቀጥለውን ረስቼው ነበር። ጋቢውን አውርጄ፣ ደክሞኝ፣ ካሜራውን ሳላጠፋ ከራሴ ጋር የማወራበት ቦታ አለ። "አባቷ እምቢ ቢሉኝስ? እሷ የሌለችበት ቤት ምን ቤት ነው? ምን እሆናለሁ?" እላለሁ። ድምፄ ይቆራረጣል። አፍንጫዬን በጋቢው እጠርጋለሁ። በዚያ ትልቅ ስክሪን!

ኦቦ ቶለራ ቲቪውን አጠፉት።

"እኔ ላይ የቀለድከውን ትቼልሃለሁ" አሉ። "ቅዳሜ አርጆ እሄድልሃለሁ።"

ጉልበታቸውን ልስም ዘልዬ ተነሳሁ። በእጃቸው አስቆሙኝ።

"የመጨረሻዋን ግን እኔ እንደዚያ አድርጌ ልናገራት አልችልም። የሽማግሌ አፍ አያወጣትም። ቪዲዮውን ስልኬ ላይ ጫንልኝና ለአባቷ ላሳያቸው። ሙሉውን! አንዲት ነገር ቆርጠህ እንዳታመጣ። ሰውዬው ልጃቸውን ለማን እንደሚሰጡ ከነቀልዱ ይወቁት።"

አዴ ጫልቱ አቀፉኝ። እንግዶቹ መረቁኝ። እኔም አለቀስኩ፣ አልዋሽም። በደስታ እየተንሳፈፍኩ ቤቴ ገባሁና ቪዲዮውን ከፈትኩት።

ወገኖቼ፣ ቪዲዮው ኦቦ ቶለራ ያጠፉት ቦታ ላይ አያልቅም።

ለቅሶዬን ጨርሼ፣ ተጽናንቼ፣ ጋቢውን እንደገና ደርቤ እነሳለሁ። ከዚያ የሌንሴን አባት እሆናለሁ! ከነአረማመዳቸው! ከነቁጣቸው!

እንግዲህ የዛሬው ትምህርት፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከመቀየራችሁ በፊት የማን ዋይፋይ ላይ እንዳላችሁ እዩ።

እኔ ግን ሌላ ጭንቅ ላይ ነኝ። ቆርጬ ሰጥቼ እኒያን ደግ ሰው ልዋሻቸው? ወይስ እንዳለ ልስጣቸውና የመጣው ይምጣ?

እስቲ ሴት ልጅ ያላችሁ መልሱልኝ፤ ይህን ሁሉ አይታችሁ ልጃችሁን ትሰጡኛላችሁ?